መድን የገባው ቤት ሌላ፣ በቀን የሚከራየው ቤት ሌላ

ባለፈው ጥቅምት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት እህቴ ገርጂ ካላት አፓርትመንት ሥር የሚኖሩ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ሳሎኔ ውስጥ እየዘነበ ነው፤ ድረስልኝ» አሉኝ።

እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤቱን በባንክ ብድር ገዝታ ውክልና ሰጠችኝ፤ እኔም አከራየሁላት። ተከራዩ ጨዋ ልጅ ነው። ኪራይ አንድም ወር አሳልፎ አያውቅም። ስለዚህ ቤቱን ረስቼው ነበር ማለት እችላለሁ።

ስደርስ ውሃው ደረጃውን ይዞ ይወርዳል። በሩ ተቆልፏል። የተከራዩ ስልክ ዝግ ነው። ዘበኛው ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። «ቁልፉ አንተ ጋ ምን ይሠራል?» አልኩት። «ለእንግዶቹ የምሰጠው ነው ጋሼ። የዛሬዎቹ ማታ ሄደዋል፤ የነገዎቹ ጠዋት ነው የሚገቡት» አለኝ። ቤቱ በቀን እንደሚከራይ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። እንግዶቹ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፈቱ፤ ውሃ የለም። እንደተከፈተ ትተውት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ኤርፖርት ሄዱ። ፎጣ ሲንኩ ውስጥ ወድቆ መውረጃውን ደፍኖታል። እኩለ ሌሊት ላይ ውሃው መጣ። እኛ ስንገባ ፓርኬው አብጦ ተነሥቷል፣ የቁም ሣጥኑ እግር ውሃ ውስጥ ነው። ታች ያሉት እናት ደግሞ ባልዲና ሳፋ ደርድረዋል። የሳሎናቸው ጂብሰም ተቦድሶ ሶፋው ላይ ወድቋል። እግዜር ይስጣቸው፣ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «ሰው አልተጎዳ» ብቻ ነበር ያሉኝ።

በማግስቱ ወደ መድን ኩባንያው ሄድኩ። ቤቱ ኢንሹራንስ አለው ብዬ ልቤ ሙሉ ነበር። ባንኩ ለብድሩ መያዣ ስለሆነ አስገብቷታል፤ እህቴም አረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ በየዓመቱ ትከፍላለች። የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ ፋይሉን አወጣና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ማነው?» መልሱን ሳስብ ቅጹን ወደ እኔ አዞረው። «የቤቱ አገልግሎት» በሚለው ቦታ ላይ «መኖሪያ» ተብሎ ተሞልቷል። ከሥሩ የእህቴ ፊርማ አለ።

ካሳ አላገኘንም። ምክንያቱ ሦስት ነበር። አንደኛ፣ ፖሊሲው፣ ማለትም የመድን ውሉ፣ የእሳትና መብረቅ ነው፤ ተጨማሪው ሽፋን የሚናገረው ስለ ፈነዳ ቧንቧ ነው፣ የእኛ ቧንቧ ደግሞ አልፈነዳም፤ ክፍት ነው የተተወው። ሁለተኛ፣ ቤቱ መኖሪያ መሆኑ ቀርቶ ማረፊያ ሆኗል፤ ይህንንም ማንም አላሳወቀም። ሦስተኛ፣ የታችኛዋ ጎረቤት ጉዳት የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ነው፤ ያ ሽፋን አልተገዛም። ሠራተኛው ይህን ሁሉ በትሕትና ነው ያስረዳኝ። ወረቀቱ ከእሱ ጋር ነበር። እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው፤ ፖሊሲውን አንድ ቀን ቁጭ ብለን ብናነበው ኖሮ ይህን ሁሉ ቀድመን እናውቀው ነበር።

የቀን ኪራይን ለማውገዝ አይደለም የምጽፈው። ለምን እንደሚደረግ ይገባኛል። ወጣቱ ቤት በወር ይከራያል፣ ሶፋና አልጋ ያስገባል፣ ዋይፋይ ያስገጥማል፣ ቤት ለእንግዳ በሚከራይበት ድረ ገጽ በኤርቢኤንቢ ወይም በቴሌግራም ያስተዋውቃል። በገና፣ በጥምቀት፣ በመስቀል፣ የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲደርስ በሳምንት የሚገኘው ገንዘብ የወር ኪራዩን ይሸፍናል። በ2014 ዓ.ም. ዳያስፖራው ለገና አገሩ እንዲገባ ጥሪ በተደረገ ጊዜ ስንት ሰው በእንዲህ ያለ ቤት አርፏል! እንግዳውም ሆቴል ከመግባት ወጥ ቤት ያለው ቤት ቢያገኝ ይመርጣል። ሥራው ሥራ ነው።

ግን አደጋው ያው አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ አከራይ የሚሳሳተው። «ሰው ያው ሰው ነው፤ ተከራይ አደረበት፣ እንግዳ አደረበት ምን ለውጥ አለው?» ይላሉ። ለውጥ አለው። ቋሚ ተከራይ የውሃውን ፈረቃ ያውቃል። ውሃ በጠፋ ቀን ቧንቧ ክፍት ትቶ አይወጣም። የትኛው ሶኬት እንደሚያጨስ፣ ምጣዱና የውሃ ማሞቂያው አንድ ላይ ሲበሩ ቆጣሪው እንደሚወድቅ ያውቃል። የሁለት ቀን እንግዳ ይህን ከየት ያውቀዋል? ቡና ሊያፈላ ከሰል አያይዞ ፓርኬው ላይ ያስቀምጣል። ሲበርደው ያንኑ ከሰል መኝታ ቤት ያስገባና በሩን ይዘጋል። የከሰል ጭስ ደግሞ ሰው ይገድላል። ይህ የሚሆነው እንግዳው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ቤቱን ስለማያውቀው ነው።

ስርቆቱም እንዲሁ ነው። የስርቆት መድን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ሌባው በር ሰብሮ ወይም በኃይል ሲገባ ነው። በእጁ ቁልፍ ተሰጥቶት የገባ እንግዳ ቴሌቪዥኑን ጭኖ ቢሄድ የተሰበረ በር የለም። እህቴ ቤት ያ ቁልፍ ስንት ቅጂ እንዳለው እስከ ዛሬ አላጣራንም፤ መቆለፊያውን ቀየርነው።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የመድን ውልን የሚገዛው ዛሬም የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ የመድን ክፍሉ ሳይነካ ቀርቷል። ያ ሕግ መድን ገቢውን ሁለት ነገር ይጠይቀዋል። ውል ሲገባ ስለ አደጋው የሚያውቀውን በትክክል መናገር አለበት። ከዚያም በኋላ አደጋውን የሚያባብስ ተብሎ በፖሊሲው የተመለከተ ለውጥ ሲመጣ ማሳወቅ አለበት። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ፈርሶበት አረቦን ሲከፍል የኖረው ለባዶ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ሲነገረው ደግሞ ኩባንያው ውሉን ሊያቋርጥ ወይም አረቦን ሊጨምር ይችላል። ሰው የሚደብቀው ይህን ጭማሪ ፈርቶ ነው። እኔ ግን አንድ የሳሎን ጣሪያ አሠርቻለሁ። ከጭማሪው በላይ ምን እንደሚያስወጣ አይቻለሁ።

በዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሕንፃ ባለቤትን ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለው ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ተከራዩ አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። የተከራዩ እንግዳ አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ጣሪያው የወደቀበት ጎረቤት ግን መጀመሪያ የሚያንኳኳው የባለቤቱን በር ነው። እንግዳው በዚያ ሰዓት ሌላ አህጉር ላይ ነው።

«ኤርቢኤንቢ ራሱ መድን አለው አይደል?» የሚል ሰው አይጠፋም። አለው፣ በሁለት መልኩ። አንዱ እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የንብረት ጉዳት ጥበቃ ነው። ይህኛው ኩባንያው ራሱ እንደሚለው የኢንሹራንስ ፖሊሲ አይደለም። ሌላው እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የኃላፊነት መድን ነው። ነገር ግን ለንብረት ጉዳት የሚያመለክተው ቤቱን ያስመዘገበው ሰው ነው፤ ያም ተከራዩ ነው። እንግዳው ከወጣ በ14 ቀን ውስጥ መጠየቅም አለበት። የቤቱ ባለቤት መኖሯን እንኳ ያልነገረ ልጅ የእሷን ፓርኬ ዋጋ አስመልክቶ ማመልከቻ ይጽፋል ብዬ አልጠብቅም። በደላላ ወይም በቴሌግራም የመጣ እንግዳ ከሆነ ደግሞ ይህም የለም። የእኛዎቹ የመጡት በቴሌግራም ነበር።

እህቴ ነገሩን ስነግራት አልገረማትም። እሷ ያለችበት አገር ራስህ የምትኖርበት ቤት መድንና የምታከራየው ቤት መድን ለየብቻ ነው የሚሸጠው፤ የቀን ኪራይ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ተጨማሪ ሽፋን ይፈለጋል። ኒውዮርክ ከተማ ከዚያም አልፋ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው መመዝገብ አለበት። ከሁሉ የወደድኩት ግን ይህንን ነው። የሕንፃ ባለቤት «በኔ ሕንፃ ይህ አይፈቀድም» ብሎ ለከተማው ካሳወቀ ሕንፃው የተከለከሉ ሕንፃዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል። እዚያ ያለ ተከራይ መመዝገብ አይችልም። ባለቤቱ እንደ እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዘበኛ አይሰማም።

ወደ እኛ ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ በጽሑፍ እንዲደረግና እንዲመዘገብ ያዛል። ተከራይን ከዘፈቀደ ጭማሪና ከድንገተኛ ማስወጣት ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ለአከራዩ አንድ ትርጉም አለው። ያስገባኸው ሰው ሁለት ዓመት አብሮህ ነው። ስለዚህ ቤቱን ምን እንደሚያደርግበት በመጀመሪያው ቀን ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። «ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ ሰው፣ በቀንም በሳምንትም፣ አያከራይም» የምትል አንዲት መስመር እኛ ውል ላይ አልነበረችም። ደላላው ባመጣው ቅጽ ላይ ፈርመን ተለያየን። ቅጹ ስለ ቀለም ቅብ ሳይቀር ይናገር ነበር።

እኛ ከተከራዩ ጋር ተነጋገርን። ሰማይ ተደፍቶበት ነበር የመጣው። የጎረቤታችንን ጣሪያ ግማሽ ወጪ ከኪሱ ከፈለ። እህቴም በዋትስአፕ አነጋገረችውና፣ «እኔኮ ሥራህን ልዘጋብህ አልፈልግም፤ ቤቴን ግን ኢንሹራንስ የሌለው ሆቴል አታድርግብኝ» አለችው። ስለዚህ ሌላ መንገድ ሞከርን። እሷ በጽሑፍ ትፈቅዳለች፣ እሱ ተጨማሪውን አረቦን ይከፍላል፣ መድን ኩባንያው እውነቱን አውቆ ይሸፍናል።

ይህን ይዤ ሦስት ኩባንያ ዞርኩ። ሦስቱም ጋ የሰማሁት አንድ ነው። መኖሪያ ከሆነ የመኖሪያ ፖሊሲ አለ። የእንግዳ ማረፊያ ከሆነ የንግድ ፈቃድ አምጡ። አንድ ሰው በአንድ መኝታ ቤት ወር ሙሉ እየኖረ ሌላውን ለእንግዳ ቢያከራይስ? በዓመት ውስጥ ለገናና ለመስቀል ብቻ ቢያከራይስ? መልስ የለም። አንዷ ሠራተኛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ዝም ብለህ መኖሪያ በልና ሙላው» አለችኝ። ልትረዳኝ ፈልጋ ነው። ግን የእህቴን ፊርማ ያየሁት እኮ እንደዚያው በተሞላ ቅጽ ላይ ነው።

መድን ኩባንያዎቻችን እዚህ ላይ ሊያስቡበት ይገባል። በአገራችን ከመድን የሚሰበሰበው አረቦን ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ብዙ ሰው ኢንሹራንስ የሚያውቀው ለመኪናው ሦስተኛ ወገን ስለሚገደድ፣ ወይም ባንክ ብድር ሲሰጥ ስለሚያስገባው ነው። ብድሩ ሲያልቅ ፖሊሲውም አብሮ ያልቃል። አሁን በራሱ ፈቃድ፣ ገንዘብ ይዞ፣ እውነቱን ተናግሮ ሽፋን ልግዛ የሚል ሰው በራቸው መጥቷል። ቅጹ ላይ «ቤቱ ለአጭር ጊዜ ይከራያል ወይ? በዓመት ስንት ሌሊት?» የሚል ጥያቄ መጨመር ምን ይከብዳል? በመልሱ ልክ አረቦኑን ይጨምሩ። የጭስ መጠቆሚያ ይግጠም፣ ዋናው የውሃ መዝጊያ በር አጠገብ ይሁን፣ ከሰል ቤት ውስጥ አይያዝ ብለው ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጡ። የጎረቤትን ጉዳት የሚሸፍን የኃላፊነት መድን አብረው ይሽጡ፤ አፓርትመንት ውስጥ ከእሳቱ ይልቅ ዕለት ዕለት የሚያጣላን ውሃው ነው። ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክም እንዲህ ያለ ፖሊሲ ሲቀርብለት ቶሎ እንዲያየው እጠይቃለሁ።

ውጭ አገር ሆናችሁ እዚህ ቤት ላላችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ውክልና የሰጣችሁትን ወንድም ወይም እህት ዛሬ ደውላችሁ ጠይቁ። ፖሊሲው የት ነው? «አገልግሎት» በሚለው ቦታ ምን ተጽፏል? የውሃ ጉዳት ይሸፍናል ወይ? የጎረቤትስ? እኔ የእህቴን ፖሊሲ የማላውቀው ስላልተጠየቅሁ ብቻ አልነበረም፤ ኪራዩ እየገባ እያየሁ ማየት ስላልፈለግሁም ነው። ቤቱንም በስድስት ወር አንዴ እንኳ ገብቼ አላየሁትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለእሷም ነግሬያታለሁ።

ለጊዜው የቀን ኪራዩ ቆሟል። ልጁ አሁን ቤቱ ውስጥ ራሱ ያድራል፤ ውሃ በሚጠፋበት ቀን ከመውጣቱ በፊት ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ያያል። በዋናው መዝጊያ ላይ በቀይ ስኮች አማርኛና እንግሊዝኛ ጽፎ ለጥፏል። ለሦስቱም ኩባንያዎች ደብዳቤ አስገብቼ ማኅተም አስመትቻለሁ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ጣሪያ ተሠርቷል፣ ቀለሙ ግን ገና ነው። «ይድረቅ እንጂ ልጄ፣ አትቸኩል» ይሉኛል ባገኙኝ ቁጥር።