ማስተካከያ፦ ለታመመ የኩሬ ዓሣ ስለሚጨመረው ጨው

ቁስል ስላወጡ የኩሬ ዓሦች በጻፍኩት ላይ ከባድ ስህተት አለ። «በአንድ ሊትር ውሃ 30 ግራም ጨው ጨምራችሁ ለቀናት ተዉት» ብዬ ነበር። ትክክለኛው 3 ግራም ነው፤ ለ1000 ሊትር 3 ኪሎ ማለት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 30 ግራም ከባሕር ውሃ ጨዋማነት ብዙም አይርቅም። በዓሣ ሕክምና መመሪያዎች ላይ ይህ መጠን የተቀመጠው ዓሣውን በሌላ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ ያውም ዓይን ሳይነቅሉበት፣ ለመንከር ነው። የኩሬ ዓሣ በዚያ ውሃ ለቀናት ከቆየ ይሞታል።

ቀድማችሁ ጨምራችሁ ከሆነ አሁኑኑ ዓሦቹን ክሎሪን ወደሌለውና ሙቀቱ ተመሳሳይ ወደሆነ ንጹህ ውሃ አውጧቸው። ጨው ከውሃው ጋር አብሮ አይተንም፣ ስለዚህ መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ የኩሬውን ውሃ መቀየር ነው ያለው።

ሌላም አለ። ጨው ቁስሉን የሚያመጣውን ባክቴሪያ «ይገድላል» ያልኩትም ልክ አልነበረም። ቁስል ከሚያመጡት ዋነኛ የሆነውን ኤሮሞናስን 3 ግራም ጨው አይገድለውም። ጨው የሚያግዘው ዓሣውን ነው፦ በቁስሉ በኩል ውሃ ሲገባበትና የሰውነቱ ጨው ሲወጣበት ጫናውን ያቀልለታል። ባክቴሪያውን ለመቆጣጠር በውሃው ውስጥ ያለውን አሞኒያና ናይትራይት (ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡ መርዛማ ነገሮች) መለካት፣ ዝቃጩን ማውጣት ይቀድማል። አንቲባዮቲክ ካስፈለገ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ከቁስሉ ናሙና ወስዶ ይዘዝ፤ በግምት ኩሬው ውስጥ የተደፋ መድኃኒት ማጣሪያው ላይ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ሊጎዳ ይችላል።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ አስተካክዬዋለሁ። አሮጌውን ያጋራችሁ እባካችሁ ይህንንም አጋሩት።