ሳይጠጣ የሰከረልን ሰው

በቪዲዮ ቤት ዘመን የህንድ ፊልም ያየ የደሴ ሰው ራጅ ካፑርን ያውቃል፤ ዲሊፕ ኩማርን ያውቃል፤ አሚታብ ባቻንንማ እንደ ሰፈሩ ልጅ ነው የሚጠራው። ኮሜዲያኑን ጆኒ ዎከርን በስሙ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። «ያ ቀጭኑ፣ ቀጭን ሪዝ ያለው፣ ሰካራሙ!» ስትሉት ግን ገና ሳትጨርሱ ይስቃል።

ይህ ሰው ሐምሌ 22 ቀን 1995 ዓ.ም. ሙምባይ ውስጥ አርፏል። እናት አባቱ ያወጡለት ስም በድሩዲን ጀማሉዲን ቃዚ ነው። ከሙስሊም ቤተሰብ ተወልዶ፣ መጠጥ በአፉ ሳይዞር፣ በውስኪ ስም እየተጠራ፣ ሰካራም እየሆነ በመተወን እንጀራውን በልቶ አለፈ። ይህን ታሪክ ለወሎ ሰው መንገር ደስ ይላል። ሙሐመድ ገብረ ማርያም የሚባል ስም በማያስደንቅበት አገር፣ ጆኒ ዎከር የሚባል በድሩዲን ቢመጣም «አረፍ በል፣ ቡና ደርሷል» ከመባል አያልፍም።

የተወለደው ኢንዶር ነው። አባቱ ይሠሩበት የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲዘጋ ቤተሰቡ ወደ ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ተሰደደ። ልጁ ከ6ኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ በረዶ ሸጠ፣ ፍራፍሬና አትክልት ይዞ ዞረ፤ በመጨረሻም በወር 26 ሩፒ እየተከፈለው የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሆነ። ኮምቦልቻ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አውቶቡሱ ላይ ግን ትኬት ብቻ አልነበረም የሚቆርጠው። ፌርማታ እየጠራ፣ የተሳፋሪውን አነጋገር እየቀዳ ሰውን ያስቅ ነበር። ይህን ችሎታውን ያስተዋለው ተዋናዩ ባልራጅ ሳህኒ ነው። ሳህኒ ያኔ ጉሩ ዱት ለሚያዘጋጀው «ባዚ» የተባለ ፊልም ጽሑፍ እየሠራ ስለነበር አንድ ተንኮል መከረው፦ «ሰክረህ የመጣህ መስለህ ቢሮው ግባ።» ገባ። ተንገዳገደ፣ ቢሮውን አመሰው፣ ሰው ላይ ተደገፈ። ጉሩ ዱት ተናዶ «አስወጡልኝ» ሲል ሳህኒ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ምስጢሩን አወጣ፤ ሰካራሙም ቀጥ ብሎ ቆመና ሰላምታ ሰጠ። ሥራውን ያገኘው እዚያው ነው። «ባዚ» በ1951 ወጣ (የፊልሞቹን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ፖስተሩ ላይ ያለው እሱ ነው)። በውስኪው ስም የጠራውም ጉሩ ዱት ነው።

ሰሞኑን ቲያትር ከሚማር አንድ ወጣት ጋር ስንጨዋወት «የድሮ የህንድ ፊልም ላይ ኮሜዲያኑ እኮ ዘፈን እስኪመጣ ጊዜ መግፊያ ነው» አለኝ። ለብዙዎቹ ኮሜዲያን እውነቱን ነው፤ አልከራከረውም። ጆኒ ዎከርን ከእነሱ ጋር ከደመረው ግን እጣላዋለሁ።

«ፕያሳ»ን (1957) ውሰዱት። ጉሩ ዱት የሚተውነው ገጣሚ አሳታሚ ንቆት፣ ወንድሞቹ ቤት ነስተውት ቦምቤ... ይቅርታ፣ ታሪኩ ካልካታ ነው፤ ካልካታ ጎዳና ላይ የሚንከራተት ሰው ነው። ጆኒ ዎከር ደግሞ አብዱል ሳታር የተባለ፣ የዘይት ጠርሙሱን ይዞ በመናፈሻ እየዞረ ራስ የሚያሽ ምስኪን ነው። በዘፋኙ ሞሐመድ ራፊ ድምፅ የሚዘፍነው ዘፈን ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ንጉሥም ይሁን ወታደር እኔ ፊት ራሱን ዝቅ ያደርጋል የሚል ቀልድ አለበት። ሲያሽ ጣቶቹን እዩአቸው፤ የደንበኛውን ፀጉር ይበታትናል፣ ይደበድባል፣ ያንጫጫል፣ ዓይኑ ግን የሚቀጥለውን ደንበኛ እየፈለገ ነው። ይህን ያደረገው የመንገድ ሥራን የሚያውቅ ሰው ነው፤ በረዶ ሲሸጥ የኖረ ሰው አንዱን እያስተናገደ ሌላውን እንዴት እንደሚጠራ ከአስተማሪ አልተማረውም።

ፊልሙ እየጠቆረ ሲሄድ፣ ገጣሚው እብድ ተብሎ ሲታሰርና ወዳጆቹና ወንድሞቹ በገንዘብ ተገዝተው «አናውቀውም» ሲሉ፣ ከዚያ ቤት እንዲያመልጥ የሚረዳው ራስ አሺው ሳታር ነው። ጊዜ መግፊያ ያልነው ሰው የታሪኩን መታጠፊያ ይዞታል ማለት ነው። እስቲ ሳታርን ከፊልሙ አውጡት፤ ገጣሚው እዚያው በቀረ ነበር።

«አናንድ»ን (1971) ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው፤ ደሴ፣ ውጭ ክረምቱ እያወረደው፣ በአግዳሚ ወንበር ተጣበን፣ ካሴቱ ምስሉን እያንቀጠቀጠው። ሂንዲ የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረም፤ ከፊት የተቀመጡት ትልልቆች የመሰላቸውን እየተረጎሙ ይነግሩን ነበር (ፊልሙን በኋላ ደግሜ ሳየው ግማሹ ትርጉም የራሳቸው ድርሰት ነበር)። ራጄሽ ካና በካንሰር የሚሞት ሰው ሆኖ ይጫወታል። አንድ አመል አለው፦ የማያውቀውን መንገደኛ ጀርባ መታ አድርጎ «ሙራሪላል!» እያለ እንደ ጥንት ወዳጅ ይጠራል፤ ሰውም ደንግጦ ወይም ተቆጥቶ ይሄዳል። ኢሳባይ የሚባለው የቲያትር ሰው ዘንድ ሲደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ኢሳባይ፣ ማለትም ጆኒ ዎከር፣ ሳይደነግጥ እሱም ለአናንድ ሌላ ስም አውጥቶ እንደ አብሮ አደግ ተቀበለው። ሁለቱም እንደማይተዋወቁ ያውቃሉ፤ ሁለቱም ጨዋታውን ማፍረስ አልፈለጉም። የቪዲዮ ቤቱ ሰው ሁሉ ይህን ያለ አስተርጓሚ ገባው፤ ሰላምታን አራዝሞ፣ ያላወቀውን ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ዘመድ የሚያደርግ አገር ነውና። ኢሳባይ ወዳጁ ሊሞት መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ፣ ሲያስቀን የኖረው ያ ሰው አስለቀሰን።

ሌሎቹን ልሩጥባቸው። «ሲ አይ ዲ» (1956) ላይ ኪስ አውላቂ ነው፤ ስለ ቦምቤይ ኑሮ የሚዘፈነው ዝነኛ ዘፈንም የእሱ ነው። «ናያ ዳውር» (1957) የጋሪ ነጂዎችንና የአውቶቡስን ትግል የሚያሳይ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ጋሪ በባጃጅ ሲተካ ያየ ሁሉ ይየው። «ማዱማቲ» (1958) በረዳት ተዋናይነት ፊልምፌር የተባለውን የህንድ ፊልም ሽልማት ያስገኘለት ነው።

እድሜው ሲገፋ ሥራ ቀነሰ። ምክንያቱን ሲጠየቅ ኮሜዲው ወደ ባለጌ ንግግር ማዘንበሉን ያነሳ ነበር፤ በእነሱ ጊዜ ተመልካቹ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እንደሚመጣ እያሰቡ ይሠሩ እንደነበርና ሳንሱር ከእሱ ንግግር አንድ መስመር እንዳልቆረጠበትም በኩራት ይናገር ነበር። ይህን ስሰማ ዛሬ ስልካችን ላይ የሚዞሩት አጫጭር ቀልዶች ትዝ ይሉኛል። እዚያም ሰካራም አለ፦ ይወድቃል፣ ሚስቱን ይሳደባል፣ ጎረቤት ይሰድባል፣ አለቀ። የጆኒ ዎከር ሰካራም ግን ጨዋነቱን ላለመጣል የሚታገል ሰው ነው። እግሩ ይከዳዋል እንጂ አፉ አይከዳውም፤ ቆብ ያስተካክላል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። የምንስቀው በጥረቱ ነው። ሳይጠጣ የሚሰክር ሰው ሰካራሞችን ብዙ ማየት አለበት፤ ብዙ ያየ ደግሞ አይንቃቸውም።

ወሎ በድምፅ አይታማም። ባቲና አምባሰል ቅኝት ሆነው የቀሩ የአገር ስሞች ናቸው፤ የወሎ ላሊበላ ኪነትም እነ ማሪቱ ለገሰን አውጥቷል። ቀልዱ ግን ሰብሳቢ የለውም። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ይዛችሁ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ውረዱ፤ መልስ የጠየቀውን ተሳፋሪ፣ ዶሮ የያዘችውን እናት፣ ሹፌሩን ራሱን ረዳቱ እንዴት እንደሚያጫውታቸው ስሙ። «እማማ፣ ዶሮዋ ከቆመች የቆመ ሰው ሒሳብ ነው የምትከፍለው» ሲል መኪናው በሙሉ ይስቃል፤ እናትየዋ ቀድማ ትስቃለች። ባልራጅ ሳህኒ በዚህ መንገድ አላለፈም። የቲያትር ክፍሎቻችንና ፊልም ሠሪዎቻችን ተዋናይ የሚመርጡት በመልክና በትውውቅ ነው፤ አንድ ቀን መናኸሪያ ወርደው ቢመርጡ ምን ይጎዳቸዋል?

ለመጨረሻ ጊዜ የታየው «ቻቺ 420» (1997) ላይ ነው፤ የፊልሙ አዘጋጅ ከማል ሐሰን ለምኖት ተመለሰ፤ ያገኘውም የሰካራም ሜካፕ ሠሪ ሚና ነው፤ በጀመረበት ጨረሰ። በምርጥ ኮሜዲያንነት የፊልምፌር ሽልማት ያገኘው ግን በ«ሺካር» (1968) ነው። በዚህ አልስማማም። ለኔ ሽልማቱ የሚገባው ያ የዘይት ጠርሙስ ይዞ የሚዞረው ሳታር ነው፤ ለ«ሺካር» የሰጡት ሰዎች የ11 ዓመት ዕዳ እየከፈሉ ነበር ብዬ ነው የማስበው።