አቧራውን ማን አዘዘ?

ባለፈው ሰሞን አንድ ሆቴል ውስጥ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ተከፍቶ ሄጄ ነበር። መግቢያው ፊት ለፊት የተሰቀለው ትልቁ ሥዕል ቡና የምታፈላ ሴት ናት። የቀሚሷ ጥልፍ ክር በክር ወጥቷል፤ ቄጤማው ገና አሁን የተጎዘጎዘ ነው፤ የዕጣኑ ጭስ ሊያስነጥስ ምንም አልቀረው። ጀበናው ከሲኒዎቹ በላይ ዘንበል ብሎ ቡናው ይንቆረቆራል። ጀበናውን የያዘ ሰው ግን የለም። የሴትዮዋ ሁለት እጆች ነጠላዋ ውስጥ ገብተዋል። ጀበናው በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ በገዛ ፈቃዱ ይቀዳል።

ሰዓሊውን ፈልጌ አገኘሁት። ሰው አክባሪ፣ ሸጋ ልጅ ነው።

«ልጄ፣ ቡናውን የሚቀዳው ማን ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እጇን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ተመልካቹ በሐሳቡ እንዲጨርሰው ነው።»

ተመልካቹ በሐሳቡ እንዲጨርሰው! ታዲያ ከሥሩ የተለጠፈውን ዋጋ እስከ መጨረሻዋ ዜሮ ድረስ ምን አስጻፈው? እሱንም ተመልካቹ በሐሳቡ ይክፈላ!

ለሀገራችን ሰዓሊ እንደ ነጠላና ጋቢ ያለ ባለውለታ የለም። ሽማግሌው ይሣላል፤ እጁ ጋቢ ውስጥ ነው። እናት ልጅ ታዝላለች፤ እጇ ነጠላ ውስጥ ነው። እረኛው ዋሽንት ይነፋል፤ ዋሽንት ያለ ጣት የማይነፋ ስለሆነ እረኛው ጀርባውን ሰጥቶን ይቆማል። ሥዕሎቻችንን ብቻ አይቶ ሕዝባችንን የሚያጠና የውጭ ሰው ቢመጣ፣ ከክርናችን በታች ምንም የለንም ብሎ ጽፎ ይመለሳል።

እጅ አስቸጋሪ መሆኑን አልክድም። አራቱ ጣቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲታጠፉ አውራ ጣት ለብቻው በጎን ይመጣል። ጀበና የያዘ እጅ ደግሞ ይብሳል፤ አውራ ጣቷ እጀታው ላይ ይጫናል፣ ትንሿ ጣት ከሚፋጀው የጀበና ሆድ ትሸሻለች፣ የእጇ አንጓ ከክብደቱ የተነሣ ጎበጥ ይላል። ሥዕል የሚሠሩት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች እንኳን በወጡ ሰሞን ለሰው ስድስት ጣት ሲያድሉ ዓለም ስቆባቸዋል። እኔ አልሳቅኩም። ፕሮግራሙ ቢያንስ ሞክሯል፤ ነጠላ አላለበሰም።

የጥንቶቹማ እንዲህ አልነበሩም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ ሰዓሊ እመቤታችንን ሲሥል ጣቶቿን ረጃጅም አድርጎ፣ አንድ በአንድ ለይቶ፣ ለሁሉም እንዲታዩ ነው ያወጣቸው። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ሄዶ ማየት ነው። በእርግጥ የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ያሉት መላእክት ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው፤ እጅ የላቸውም። እዚያ የሠራውን ሰዓሊ ግን ማንም አይወቅሰውም፤ መልአክ ቡና አይቀዳም።

አንድ የምወደው ተረት አለ፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ሰዓሊ ሁሉ በር ላይ ቢለጥፈው ደስ ይለኛል። ወረቀት ላይ ያጠፋችሁት መስመር ላጲስ ቢታሽበትም ጥላው ይቀራል፤ በልጅነታችሁ የለመዳችሁት ሽሽትም እንደዚያው ነው። ተረቱን ያወጡት አባቶች ግን አንድ ነገር ረስተዋል። የያዘውን የማይለቅ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እሱም የሆቴል ባለቤት ነው።

ስሙን አልጠራም። ከዓመታት በፊት አስጠርቶኝ «ለአዳራሹ የዐድዋን ጦርነት እንደ ድሮዎቹ አድርገህ ሥራልኝ» አለኝ። የድሮዎቹን ታውቃላችሁ። የእኛ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ጠላት በጎን በአንድ ዓይን፤ ዐፄ ምኒልክ ከነዣንጥላቸው፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሽጉጥ ይዘው፣ ከላይ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረሱ። ሁሉንም ሠራሁ። እጁን እንኳን ጣት በጣት፣ ከነጥፍሩ ነው የሠራሁት። ሰውዬው መጥቶ ሥዕሉ ፊት ቆመ፤ እኔ አድናቆት ስጠብቅ እሱ ጠቋሚ ጣቱን አውጥቶ መቁጠር ጀመረ፤ በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ይመስል ነበር።

«ስድስት ፈረስ ላይ ሃያ አራት እግር መኖር ነበረበት። እኔ ያገኘሁት ዘጠኝ ነው» አለ።

«ጦርነት ነው፤ አቧራ አለ» አልኩት።

«አቧራውን ማን አዘዘ?»

ዝም አልኩ። ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ መልስ ይገኝለታል?

«የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስስ? አየር ላይ ምን አቧራ አለ?»

«እሱ ደመና ላይ ነው።»

ከዋጋው ላይ የአሥራ አምስት እግር ቀነሰብኝ። ሒሳቡን በእግር እያካፈለ! የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ አቧራ አልነበረም ብሎ የሚሟገተኝ የታሪክ ምሁር ካለ ይምጣ። በጥንቶቹ ሥዕሎችም ከኋላ የተሰለፈው ሠራዊት ጭንቅላት በጭንቅላት ላይ የተደረደረ ነው፤ እግሩ የት ገባ ብሎ የጠየቀ ንጉሥም ሆነ ደጃዝማች አልሰማሁም። ይህ ሰውዬ ግን ለሆቴሉ አልጋ ሲገዛም እግሩን ይቆጥር ነበር መሰለኝ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ቀላል ምክር ሰጥቼዋለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን የምትሸሸውን ብቻ ሥራ፣ ገዢ አታሳየው፣ አትሽጠው። እኔ የእጅ ልምምዴን የምሠራው ታክሲ ውስጥ ነው። የረዳትን እጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብሩን በቁመቱ አጥፎ፣ አሥሩን ከአሥር፣ ሃምሳውን ከሃምሳ ለይቶ በጣቶቹ መካከል ይሰካዋል፤ በዚያው እጅ በሩን ይዘጋል፣ በዚያው እጅ መልስ ይሰጣል፣ መስጠት ሲፈልግ ማለቴ ነው። ከዚያ የተሻለ የእጅ መምህር ጣሊያን ሀገርም አይገኝም። አንዱ ረዳት ደብተሬን አይቶ «አባባ፣ ታርጋ ነው የሚመዘግቡት?» ብሎ ሙሉ መልሴን ሳልጠይቀው ሰጥቶኛል። የሥነ ጥበብን ጥቅም ለሚጠይቁ ይኸው።

ልጁ ሁሉንም በትሕትና ሰማኝና «ጋሼ፣ እርስዎስ ፈረስ ይለማመዳሉ?» አለኝ። ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ እዩልኝ! ፈረስ በከተማ የት ይገኛል? ጃን ሜዳ አለ የሚሉኝ አሉ። ጃን ሜዳ ለመሄድ ሁለት ታክሲ መያዝ አለብኝ፤ ደርሼም ፈረሱ ቆሞ አይጠብቀኝም፤ ሲሮጥ ደግሞ፣ ልብ በሉ፣ አቧራ ያስነሣል። እግሩ አይታይም። ይህንን ለሆቴሉ ባለቤት በስልክ ላስረዳው ብዬ ነበር፤ ስልኩን ሊያነሣ አልቻለም። አቧራ መሥራት ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ ብሩሹን እኔ አበድረዋለሁ።