ማስተካከያ፦ ስዊፍት ኮድና የቅርንጫፍ ጉዳይ

ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት በባንክ ስለሚላክ ገንዘብ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ «የተቀባዩ ቅርንጫፍ የራሱ ስዊፍት ኮድ ከሌለው ገንዘቡ አይደርስም» ተብሎ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም።

ስዊፍት ኮድ ከአገር አገር ገንዘብ ሲላክ ባንክ የሚለይበት መለያ ሲሆን፣ ባለ 8 ወይም ባለ 11 ፊደልና ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ፊደላት ባንኩን፣ ቀጣዮቹ 2 አገሩን፣ ከዚያ ያሉት 2 ቦታውን ይናገራሉ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን እንይ፦ ሲ-ቢ-ኢ-ቲ ባንኩ፣ ኢ-ቲ ኢትዮጵያ፣ ኤ-ኤ አዲስ አበባ። ቅርንጫፍን የሚለዩት የመጨረሻዎቹ 3 ናቸው፤ እነሱም ግዴታ አይደሉም። ባለ 8ቱ ኮድ ዋናውን መሥሪያ ቤት ያመለክታል። ስለዚህ እናትዎ ሒሳብ የከፈቱት ደሴ ቢሆንም በዋናው ኮድ መላክ ይቻላል። ገንዘቡን እሳቸው ዘንድ የሚያደርሰው የሒሳብ ቁጥራቸው ነው። እባክዎ እሱን ደጋግመው ያረጋግጡ! ስምም ባንክ ደብተሩ ላይ እንዳለው ይጻፍ።

ባለ 9 አሃዙ ራውቲንግ ቁጥር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1910 ለቼክ ሥራ የወጣ የአሜሪካ ባንኮች መለያ ነው። የኢትዮጵያ ባንኮች የላቸውም። ቤተሰብን «ራውቲንግ ቁጥር አምጡ» እያሉ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ማንከራተት ይቅር።