በሞቴ፣ አንተ ቅደም

ውሃ ላይ ልቆም መሆኑን ለእናቴ ስነግራት ቡና እየቆላች ነበር። እጇ ቀጥ አለ።

«ውሃ ላይ? ቆመህ?»

«አዎ እማዬ። ሰሌዳ ነገር አለ። እላዩ ላይ ቆሞ መቅዘፍ ነው።»

«ውሃ ላይ የቆመው ጌታችን ብቻ ነው። ጴጥሮስም ልሞክር ብሎ ሲሰምጥ እጁን ይዞ አወጣው። አንተን ማን ሊያወጣህ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። መዋጮውን ግን ከፍያለሁ።

ነገሩን ያመጣችው ከካናዳ ለእረፍት የመጣች ጓደኛችን ናት። ፓድልቦርድ ይባላል። ሦስት ሜትር ከምናምን የሚረዝም፣ በአየር የሚነፋ ሰሌዳ ነው። አየሩ ሲወጣ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። እሷ አንድ ይዛ መጥታለች፤ ሁለት ደግሞ እዚያው ቢሾፍቱ እንከራያለን ተባለ። «የተጀመረው ሃዋይ ነው» ስትል የጎጃሙ ጓደኛችን ተቆጣ።

«ሃዋይ ምናባቱ! ጣና ላይ አባቶቻችን በደንገል ታንኳ ከዘጌ ማገዶ ጭነው ባሕር ዳር ሲያደርሱ ማን ቪዲዮ ቀረጻቸው?»

እውነቱን ነው። ችግሩ፣ ልጁ ያደገው ደብረ ማርቆስ ነው። ጣናን ያየው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ዓሣ እየበላ።

ቀጠሯችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቃሊቲ ነበር። የካናዳዋ አጥብቃ ነግራናለች፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ውሃው ጸጥ የሚለው ጠዋት ነው። እኛም ሰምተናል። ልክ በ1 ሰዓት አራታችንም «መንገድ ላይ ነኝ» ብለን ጻፍንላት። ከአልጋችን ላይ። በቱሉ ዲምቱ በኩል የፍጥነት መንገዱ ውስጥ ስንገባ 4 ሰዓት አልፏል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቶሎ ደረስን። (ከተማው ስሙ ከተመለሰለት ስንት ዘመኑ፤ የታክሲ ረዳቱ ግን ዛሬም «ደብረ ዘይት፣ ደብረ ዘይት» እያለ ነው የሚጠራው።) የባከነውን ጊዜ ለማካካስ መጀመሪያ ቁርስ በላን። ከዚያ ጥብሱ ዘገየ። ከዚያ ቡና። ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ስንቆም 7 ሰዓት ሆኖ ነፋሱ እየጠበቀን ነበር።

መሐንዲሱ ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ይህን ሰው ሽርሽር ይዞ መሄድ ጥሩ አይደለም። «ይሄ ጥንት በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው» አለ። «ሆራም፣ ቢሾፍቱ ሐይቅም እንደዚሁ ናቸው። የዚህኛው ጥልቀት 65 ሜትር ይደርሳል።» ትንሽ አሰበና «ሃያ ፎቅ ገብቶ ይጠፋል» ብሎ አብራራልን።

ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ቦርዱን መንፋት የጎሚስታ ሥራ ነው። ጌጁ 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) እስኪል በእጅ ፓምፕ መግፋት አለብህ። ከመኪና ጎማ ግማሽ አይሞላም፤ ሲወራ ቀላል ነው። ጌጁ 8 እስኪል ድረስ ወንዶቹ ሁላችንም «ተው፣ እኔ ልንፋው» እየተባባልን ተሻማን። ከ8 በኋላ ለሁላችንም አስቸኳይ ስልክ ተደወለልን። የቀረውን የጨረሰው የሚያሠለጥነን ልጅ ነው። የቢሾፍቱ ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ላብ የሚባል ነገር አላየሁበትም።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይንበርከኩ» አለኝ። «ሚዛንዎን ሲያገኙ አንድ እግር፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ ያድርጉ። እግርዎን እንዳያዩ፤ ማዶ ነው የሚታየው። ከወደቁም ወደ ጎን ይውደቁ።»

እኔ 38 ዓመቴ ነው። «ጋሼ»ውን እንደ ምንም እችለው ነበር። «እርስዎ»ው ነው የሰበረኝ።

ላይፍ ጃኬት አለበሰኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቁርጭምጭሚቴን ከቦርዱ ጋር በገመድ አሰረው። ስወድቅ ቦርዱ ጥሎኝ እንዳይሄድ ነው። ለፋሲካ የተገዛ በግ መስዬ ቆምኩ።

አሁን ማን ይጀምር?

«ግባ» አልኩት መሐንዲሱን።

«ኧረ በፍጹም! አንተ እያለህ?»

«በሞቴ፣ አንተ ቅደም።»

«ሙት አትበለኝ። ይልቅ የጣና ልጅ እያለ እኛ ምን አገባን?»

የጣናው ልጅ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሴቶች ይቅደሙ» አለ። በዕድሜ ልኩ ሴት ያስቀደመው ያን ቀን ነው። የሰው ቤት በር ላይ «እለፍ፣ አንተ እለፍ» እየተባባልን ወጡ ሲቀዘቅዝ ኖረናል፤ ያ ምንም አይደለም። ቦርዱ ግን የሚከፈልበት በግማሽ ሰዓት ነው። ተከባብረን ስንጨርስ ልጁ ሰዓቱን አይቶ «አሥር ደቂቃ ቀርቷችኋል» አለን። ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨመርን። ምሳ ላይ «እኔ ልክፈል» ብሎ የአስተናጋጁን እጅ የሚጠመዝዘው ሁሉ እዚህ ጋ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር።

ሁለተኛዋ ሴት ጓደኛችን ፀጉሯን የተሠራችው ሐሙስ ነው። ውሃ እንዳይነካት ማለች። ስለዚህ ቦርዱን ሣሩ ላይ አስነጠፈች፣ መቅዘፊያውን ይዛ እላዩ ላይ ቆመች፣ ሐይቁን ከኋላዋ አድርጋ ሠላሳ ፎቶ ተነሣች። እኛ እግራችንን ሳናረጥብ ፎቶው ተለጥፎ «ጀግና!» የሚል አስተያየት እየወረደለት ነበር። እስከ ዛሬ በሰፈሩ የምትታወቀው ዋና ቀዛፊ እሷ ናት።

የካናዳዋ ገባች። ቆመች፣ ወደቀች። ሳቀች። ደግሞ ወጣች፣ ደግሞ ወደቀች። አምስት ጊዜ ቆጠርኩ። በስድስተኛው ቆማ መሄድ ጀመረች። የጣናው ልጅ ተከተለ። እውነት ለመናገር ቆመ። ነገር ግን መቅዘፊያውን ገልብጦ ይዞታል፤ የሚቀዝፈውም በአንድ ጎን ብቻ ነው። እንደ እንዝርት ባለበት ሲሽከረከር ልጁ ከዳር «በሁለቱም ጎን፣ ጋሼ!» ይለዋል። እሱም ጋሼ በመባሉ ልቤ ትንሽ ረጋ አለ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ተንበረከኩ። እዚህ ላይ አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ቅዳሜ ነው፤ ቢሾፍቱ ነው፤ ስለዚህ ሰርግ አለ። ከሎጁ በረንዳ ላይ ሙሽሮች፣ ሚዜዎችና አንድ አውቶቡስ ሙሉ ዘመድ ፎቶ ሊነሡ ወርደዋል። ካሜራ ማኑ ወደ ሙሽራዋ ነው የዞረው። ዘመድ ግን ወደ እኔ ዞሯል። መቶ ሰው እያየህ በአራት እግር መሄድ ከባድ ነው። ልጁ «ቆይ፣ ገና ነው፣ ይንበርከኩ» እያለኝ ተነሣሁ።

ቆምኩ!

አንድ ጊዜ ቀዘፍኩ። ሁለት። ሦስት። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ቆሜያለሁ። ልጁ እንዳለኝ ማዶ ማዶውን አያለሁ። ማዶውን ሳይ፣ ከሰርገኛው መሀል አንድ ሽማግሌ ነጭ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ከወንበራቸው ተነሡ።

የዕድራችን ዳኛ ናቸው።

«አንተ ነህ እንዴ ልጄ?» አሉ፣ ሐይቁን በሚያቋርጥ ድምፅ። «እንዴት ነህ? ሰላም ነህ ወይ?»

እኚህ ሰው አባቴን የቀበሩ ናቸው። ድንኳኑን ያስተከሉ፣ ሦስት ቀን አብረውን የተቀመጡ። እንዲህ ያለ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰላም ሲልህ ቀጥ ብለህ ማዶ ማዶውን አታይም። እጄ በራሱ ጊዜ መቅዘፊያውን ለቆ ወደ ኮፍያዬ ሄደ። ኮፍያዬን አወለቅሁ። ከዚያ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ወደ ጎን አልወደቅሁም። ወደ ፊት ነው የወደቅሁት፣ እንደሰገድኩ።

ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ታች ሃያ ፎቅ እንዳለ አውቃለሁ። ጃኬቱ ጎትቶ ሲያወጣኝ ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል፤ ሰርገኛው እልል ይላል። የዕድሩ ዳኛ ግን ሰላምታቸውን ገና አልጨረሱም።

«ቤተሰብ እንዴት ነው? እናትህስ?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ፣ ሐይቁን እየተፋሁ።

«ልጆች? ሥራስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» ቦርዱን በገመዱ እየጎተትኩ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከውሃው ብቅ እያልኩ መለስኩ።

ማታ ቤት ስደርስ እናቴ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። ወሬው ቀድሞኛል። ጴጥሮስን ልታነሣብኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ጋሼ ደውለው ነበር» አለች።

«ምን አሉሽ?»

«‹ልጅሽ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ሰላም አለኝ› አሉኝ። እኔ እንዲህ ነው ያሳደግሁህ?»

«እማዬ፣ ልሰጥም ነበር እኮ!»

«ነገ ዕድር አለ» አለች ወደ ውስጥ እየገባች። «ሂድና ሰላም በላቸው። ቆመህ።»