ክርክር፦ ቀጣዩ ትልቅ ቴሌስኮፕ ተራራ ላይ ይቁም ወይስ ኅዋ ላይ?

ላሊበላ ዙሪያ ያሉት ከ4,000 ሜትር በላይ የሆኑ ተራሮች ለሥነ ፈለክ ምልከታ ጣቢያ ይሆናሉ ተብለው ሲጠኑ ቆይተዋል። ወሬው በተነሳ ቁጥር ወሎ ውስጥ አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል። ኅዋ ላይ ጄምስ ዌብን የመሰለ ቴሌስኮፕ እያለ መሬት ላይ ግዙፍ መስታወት መትከል ምን ይፈይዳል? ሁለት ሰዎች በጽሑፍ እንዲሟገቱበት ጠየቅን። አንደኛው ደሴ ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምሩ አንጋፋ መምህር ናቸው፤ ገንዘቡ ወደ ኅዋ ይሂድ ይላሉ። ሌላዋ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ባለሙያ ናት፤ ለተራራው ትሟገታለች።

መምህሩ፦

ሙግቴን ከደመና አልጀምርም። የደሴ ሰው ጦሳን ጉም ሲውጠው እያየ ያደገ ነው፤ ስለ ደመና አስተማሪ አይፈልግም። እኔ የምለው ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊትም ችግሩ አለ ነው። ኮከብ ብልጭ ድርግም የሚለው ራሱ ተናውጦ አይደለም። ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር ሙቁና ቀዝቃዛው እየተደባለቀ ስለሚያዛባው ነው። ከጋለ ምጣድ በላይ በሚርገበገበው አየር በኩል ማዶ የቆመን ሰው ፊት ለመለየት ሞክሩ። ከመሬት ሆኖ ሰማይን ማየት እንደዚያ ነው።

ይሄ ግን ቀላሉ ነው። ጨርሶ መሬት የማይደርስ ብርሃን አለ። ኤክስሬይን አየሩ ያስቀረዋል። አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ኦዞን ይውጠዋል። ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ዓይን የማያየውን የሙቀት ብርሃን ደግሞ በብዛት የውሃ ተን ይቀማናል፤ ያለፈው ጥቂቱም አየሩና ቴሌስኮፑ ራሳቸው በሙቀታቸው በሚረጩት ኢንፍራሬድ ይዋጣል። በጣም ሩቅ የሆኑ ጋላክሲዎች ብርሃን ደግሞ ጠፈር እየሰፋ ሲለጥጠው ኖሮ እኛ ጋ የሚደርሰው ኢንፍራሬድ ሆኖ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጋላክሲዎች ማየት የፈለገ ከአየሩ መውጣት አለበት።

ጄምስ ዌብ የመጠቀው ለዚህ ነው፤ ታኅሣሥ 16 ቀን 2014። ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አምስት ንብርብር ካለው የፀሐይ ከለላ ጀርባ ይሠራል። መስታወቱ ከዜሮ በታች ከ220 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ አንድ ጋላክሲ ብርሃኑ የተነሳው ዩኒቨርስ ገና 300 ሚሊዮን ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው። ያንን የለየው ዌብ ነው።

የጥገና ባለሙያዋ፦

መምህር፣ በዚያው ጋላክሲ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2025 ውስጡ ኦክስጅን እንዳለ የታወቀው በምን እንደሆነ አልነገሩንም። በአልማ ነው። አልማ ቺሊ ውስጥ 5,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተተከሉ 66 አንቴናዎች ናቸው፤ መሬት ላይ። ዌብ ያገኘውን አልማ ምን እንደያዘ ነገረን።

ስለ ምጣዱም ልክ ነዎት። ግን መሐንዲሶች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሌዘር ወደ ላይ ይለቃሉ። 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የሶዲየም ንብርብር ሲመታው ሰው ሠራሽ ኮከብ ይበራል። ኮምፒውተሩ ያ ኮከብ እንዴት እንደተዛባ ያነባል። ከዚያ አንድ ስስ መስታወት ከጀርባው እየተገፋና እየተሳበ፣ በሰከንድ እስከ ሺህ ጊዜ ቅርጹን ይቀይራል፤ አየሩ ያጣመመውን ያቃናል። በጋላክሲያችን መሃል ያለው ጥቁር ጉድጓድ አራት ሚሊዮን ፀሐይ ያህል እንደሚመዝን የታወቀው ዙሪያውን የሚሽከረከሩትን ከዋክብት ለዓመታት በመከታተል ነው። ያ የተደረገው ከቺሊና ከሃዋይ ተራሮች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ራይንሃርድ ጌንዝልና አንድሪያ ጌዝ ኖቤል ያገኙበት ሥራ ነው።

አሁን ወደ መስታወቱ ልምጣ። የዌብ መስታወት ስፋቱ 6.5 ሜትር ነው፤ እሱም ሮኬቱ ውስጥ እንዲገባ መታጠፍ ነበረበት። ቺሊ ውስጥ አርማዞነስ ተራራ ላይ እየተሠራ ያለው የአውሮፓውያኑ ቴሌስኮፕ 39 ሜትር ነው። ብርሃን የሚሰበስብበት ገጽ ከዌብ ወደ 40 እጥፍ ይጠጋል። ወጪው 1.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ሲሆን የዌብ 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። በአንድ ዌብ ዋጋ ስድስት ያህል እንዲህ ያለ ግዙፍ ይቆማል ማለት ነው።

እኔ የጥገና ሰው ነኝ፤ ልቤን የሚገዛው ግን ዋጋው አይደለም። ፋብሪካችን ውስጥ ሌሊት ማሽን ሲቆም መጀመሪያ የምጠይቀው «እጄ ይደርሳል ወይ?» ነው። የአርማዞነሱ መስታወት 798 ቁርጥራጮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። ለመለዋወጫ ደግሞ 133 ተጨማሪ ተሠርተዋል። አንዱ ሽፋኑ ሲደበዝዝ ይነሳል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይቀባል፤ እስከዚያው ሌላው ቦታውን ይይዛል። ምልከታው አይቆምም። ወላሂ፣ ይህን ሳነብ በጣም ነው የተደሰትኩት። ማሽን ሊኖር የሚገባው እንደዚህ ነው። ዌብ ግን ሲዘረጋ አንዱ ብቻ ቢከሽፍ ሙሉ ሥራውን የሚያበላሹ 344 ነጥቦች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2022 ጥቃቅን የጠፈር ድንጋይ አንዱን የመስታወት ክፍል ሲመታው ሄዶ የሚለውጠው ሰው አልነበረም። ነዳጁ ያለቀ ቀንም በቃ፣ ያበቃል።

መምህሩ፦

አብሽሪ ልጄ፣ ኅዋ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ሁሌም ጥገና አያገኝም ማለት አይደለም። የኅዋ ቴሌስኮፑ ሀብል እ.ኤ.አ. በ1990 ሲመጥቅ መስታወቱ በተሳሳተ ቅርጽ ተሞርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ጠፈርተኞች ሄደው ማስተካከያ ገጠሙለት፤ እስከ 2009 ድረስ አምስት ጊዜ ተጎብኝቷል። ናሳ አሁን የሚያስበው ቀጣዩ ትልቅ የኅዋ ቴሌስኮፕም ከመነሻው እንዲጠገን ሆኖ ነው የሚነደፈው።

ሌዘሩም ተአምር አይደለም። በደንብ የሚያቃናው ጠባብ የሰማይ ቁራጭ ነው፤ ለዓይን በሚታየው ብርሃን ላይ ደግሞ ሥራው ይከብደዋል። ያልደረሰ ብርሃንን ደግሞ ምንም መስታወት አያቃናውም። እንደ ፀሐያችን ያለ ኮከብ አጠገብ እንደ መሬት ያለች ፕላኔት ብትኖር፣ በዓይን በሚታየው ብርሃን ከኮከቧ አሥር ቢሊዮን ጊዜ ያህል ትደበዝዛለች። አየሩ እየተናወጠ ያንን ከመሬት መለየት እጅግ ከባድ ነው። ሕይወት ሌላ ቦታ አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ ብንፈልግ ጉዟችን ወደ ላይ ነው።

ደግሞ ሰማዩ ራሱ እየተበላሸ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የኢንተርኔት ሳተላይቶች በየሌሊቱ በፎቶው ላይ ነጭ መስመር እየጎተቱ ያልፋሉ።

የጥገና ባለሙያዋ፦

መስመሩ የሀብልንም ፎቶ አልማረም፤ ሀብል ዝቅ ብሎ ነውና የሚዞረው። ያ የሁላችንም ጣጣ ነው።

እኔ ግን ወደ ላስታ ልመለስ። ሰኔ 14 ቀን 2012 የቀለበት ግርዶሽ ላሊበላ ላይ የታየ ጊዜ ሰው በማለዳ ወጥቶ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ነበር። ያን ቀን መነጽር ሲቀባበሉ የነበሩ ልጆች ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ዌብ ለእነሱ ፎቶ ይልካል። ተራራ ላይ የቆመ ቴሌስኮፕ ግን ሥራ ይሰጣቸዋል፤ ካሜራ የሚያቀዘቅዝ፣ ሞተር የሚፈታ፣ ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን፤ ችግሩ የአዲስ አበባ መብራት አጠገባቸው ነው። ላስታ ጨለማው ገና አልተነካም።

ቦታውም ለዓለም ይጠቅማል። ላሊበላ ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ነው፤ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ያያል። ኮከብ ሲፈነዳ ቺሊና ሃዋይ ላይ ቀን ሊሆን ይችላል። ያኔ በዚህ በኩል ጨለማ ላይ ያለ ዓይን ያስፈልጋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሰዘርላንድ ላይ ትልቅ ቴሌስኮፕ አለ። ምሥራቅ አፍሪካ ግን በዚያ መጠን ምንም የላትም።

መምህሩ፦

እዚህ ላይ እንደ ወሎ ሰው ልናገር። ወሎ ክረምት ብቻ ያለው አገር አይደለም፤ በልግም አለው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ ለገበሬያችን እህል ነው፤ ለቴሌስኮፕ ግን የተዘጋ ሰማይ ነው። ክረምቱን ስትጨምሪበት ከዓመቱ ስንቱ ሌሊት ይተርፋል? ቺሊ ውስጥ አታካማ በረሃ ላይ ይህ ጥያቄ አይነሳም። ላሊበላ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ መንገድና መብራት ስናወጣበት እሱም መታሰብ አለበት።

ስለዚህ ትንሽ መለኪያ ቴሌስኮፕ ጫፉ ላይ ይቀመጥ። የአየሩን መናወጥ፣ የውሃውን ተንና የጠራውን ሌሊት ብዛት ለዓመታት ይመዝግብ፤ በልጉንም ክረምቱንም ሳይዘል። ውጤቱ ጥሩ ከመጣ ለተማሪዎቻችን የሚሆን መካከለኛ ቴሌስኮፕ ይቁምበት፤ አጨበጭባለሁ። ኤክስሬዩን፣ አልትራቫዮሌቱንና እንደ መሬት ያለችውን ፕላኔት ግን ከአቡነ ዮሴፍም ከአርማዞነስም ላይ ሆነን አናገኛቸውም። ትልቁ ገንዘብ ለእነሱ ይሂድ።