በቀን ሁለት ገጽ

ክረምት ላይ ጅማ ነበርኩ። ከ9 ዓመት በኋላ መሄዴ ነው። ፈረንጅ አራዳ፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣሁ ሳለ የእህቴ ልጅ መጥታ አጠገቤ ቆመች። 16 ዓመቷ ነው። አንድ እጇን ሹራቧ ውስጥ ደብቃለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር መጀመሪያ ያለችኝን አልሰማሁም።

«አጎቴ፣ ታነብልኛለህ?»

ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው ያወጣችው። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብዷል። ውስጡ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። አዌቱ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ የሁለት ጓደኛሞች ታሪክ። የአንዷ አባት ሞቶ ትምህርቷን ልታቋርጥ ነው። አያትየው በኦሮምኛ ያወራሉ፣ ልጆቹ በአማርኛ ይመልሳሉ። ልክ የእኛን ቤት ይመስላል። መጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ የእሷ ያልሆነ የእጅ ጽሑፍ አየሁ። የክፍል ጓደኞቿ ደብተሩን ተራ በተራ ወስደው ሲመልሱ የጻፉት ነው። «እንዳትገድያት!» ይላል አንዱ። «ትምህርቷን ካቋረጠች አላናግርሽም» ይላል ሌላው።

አንብቤ ስጨርስ ስለ አንዲት የቱልሳ ልጅ ነገርኳት።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዳላስ ነው። አምና ልጄ 8ኛ ክፍል ሳለች «ዘ አውትሳይደርስ» የሚባል ልብ ወለድ በትምህርት ቤት እንዲያነቡ ታዘዙ። ወደደችው። አንድ ቅዳሜ አራት ሰዓት ያህል ነድተን ኦክላሆማ፣ ቱልሳ ድረስ ወሰድኳት። የመጽሐፉ ፊልም የተቀረጸበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ያረጀች የእንጨት ቤት ናት። ልጄ ግን ቤተ ክርስቲያን የገባች ያህል ዝም ብላ ነው የዞረችው።

ደራሲዋ ኤስ. ኢ. ሂንተን ትባላለች። ያንን መጽሐፍ መጻፍ ስትጀምር 15 ዓመቷ ነበር። የድሃና የሀብታም ሰፈር ልጆች ጠብ ነው ታሪኩ። የምታውቃቸውን ልጆች የሚመስል መጽሐፍ ፈልጋ ስላጣች ራሷ ጻፈችው። አባቷ ያኔ በጠና ታመው ነበር። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት በድርሰት ትምህርት ያገኘችው ውጤት «ዲ» ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1967 ታተመ። ወንድ ሐያሲያን የሴት ስም አይተው እንዳይንቁት ተብሎ ሽፋኑ ላይ የስሟ የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ተቀመጡ። ከዚያ ግን ዝናው ከበዳትና መጻፍ አቃታት። ኋላ ባሏ የሆነው ጓደኛዋ መላ ዘየደ። በቀን ሁለት ገጽ ካልጻፍሽ አብረን አንወጣም አላት። ሁለተኛው መጽሐፏ በዚህ መንገድ ተጽፎ በ1971 ወጣ።

«ሁለት ገጽማ እኔም እችላለሁ» አለች የእህቴ ልጅ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው። ያቺ የቱልሳ ልጅ ጽሑፏን ለአሳታሚ እንዴት አደረሰችው? የትምህርት ቤት ጓደኛዋ እናት የልጆች መጽሐፍ ደራሲ ነበሩ። ጽሑፉን አይተው የደራሲያንን ሥራ ለአሳታሚ የምታቀርብ የአንዲት ወኪል አድራሻ ሰጧት። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ትልቅ ሰው አነበበና አንድ በር አሳየ። ፊልሙም ቢሆን የመጣው እንዲሁ ነው። በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከተማሪዎቿ ጋር ለዳይሬክተሩ ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ደብዳቤ ጻፈች። ልጆቹ ፈረሙበት። ፊልሙ በ1983 ወጣ።

እዚያ አገር ከ12 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚጻፍ መጽሐፍ ራሱን የቻለ መደርደሪያ አለው። የራሱ አርታኢ፣ የራሱ ሽልማት አለው። ሂንተንም በ1988 ለዚህ ዘርፍ የሚሰጠውን የማርጋሬት ኤድዋርድስ ሽልማት የመጀመሪያዋ ተቀባይ ሆናለች። በተለመደው አሠራር አሳታሚ ለደራሲው ይከፍላል እንጂ ደራሲው ለማሳተም ከኪሱ አያወጣም።

በማግስቱ ከእህቴ ልጅ ጋር መጽሐፍ ፍለጋ ወጣን። ፕላስቲክ ዘርግቶ የሚሸጥ አንድ ወጣት አገኘን። የፖለቲካ መጽሐፍ አለ። ስኬታማ ስለመሆን የሚመክር ትርጉም አለ። የድሮ ልብ ወለዶች አሉ። «ለእሷ ዕድሜ የሚሆን ምን አለህ?» አልኩት። ወዲያ ወዲህ አገላብጦ የተረት መጽሐፍ ሰጠኝ። ተረት ጨርሳለች እኮ! ከተረት ወጥቶ በቀጥታ የአዋቂ ልብ ወለድ ውስጥ መግባት ነው የልጆቻችን ዕጣ። መሀል ላይ ያለው ዕድሜ፣ ሰው የሚያፈቅርበት፣ ከአባቱ የሚጣላበት፣ ጓደኛ የሚቀብርበት ዕድሜ፣ በአማርኛ መጽሐፍ የለውም ማለት ይቻላል። ደራሲዎቻችንን አልወቅስም። ከኪሳቸው አሳትመው፣ የወረቀት ዋጋ ተሸክመው፣ ከአከፋፋይ ገንዘባቸውን ለማግኘት የሚመላለሱ ሰዎች ናቸው። ገንዘብ ለሌለው የ16 ዓመት ልጅ ጽሑፍ ማን ይድረስለት?

እኔም 9ኛ ክፍል ሳለሁ እንዲህ ያለ ደብተር ነበረኝ። አንድ መምህር በክፍለ ጊዜው ስጽፍ አይቶ ነጠቀኝ። አልመለሰልኝም። ሌላ አልጀመርኩም። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ግን አንድ ነገር ልናገር። የእኔ ልጅ ዳላስ ውስጥ መጽሐፍ ሞልቶላት ክፍሏን ዘግታ ብቻዋን ነው የምታነበው። የጅማዋ ልጅ 40 አንባቢ ደጇ ድረስ መጥቶ «ቀጣዩ የታለ?» ይላታል። እንዲህ ያለ አንባቢ ዳላስ ውስጥ አላየሁም። አንባቢውም ጸሐፊዋም እዚህ አሉ። የጎደለችው የጓደኛዋ እናት ናት።

ስለዚህ ደብተሩን ይዤ መጣሁ። እሷ ሁለተኛውን ጀምራለች። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ ኮምፒውተር ላይ እጽፈዋለሁ፣ እኔም በቀን ሁለት ገጽ። ሲያልቅ የማውቃቸውን ደራሲዎች ሁሉ አስነብባለሁ፤ በራቸውን አንኳኳለሁ። አንድም ቃል አልቀየርኩም። ትናንት 31ኛው ገጽ ላይ አንድ ቃል አልነበብ ቢለኝ ደወልኩላት። ጅማ ነግቷል፤ ከጀርባዋ የእናቴ ድምፅ ይሰማል።

«‹ኮቱ› ነው እኮ አጎቴ» አለችኝ። «አያትየው ለቡና ሲጠሯት።»